ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና ደመና፦ የየዕለቱ የአየር ሁኔታ ምልክቶች እንዴት ይያያዛሉ?

በኩርሙክ ወረዳ ሐሩሩ የሚበረታው የዝናቡ ወቅት ከመግባቱ በፊት ባሉት የመጋቢትና የሚያዝያ ሳምንታት ነው። በእነዚህ ቀናት ከሰዓት በኋላ ደመና ይቋጥራል፤ አቧራ ያዘለ ነፋስ ይነሣል፤ አልፎ አልፎም ድንገተኛ ዝናብ ይጥላል። ማሳውን አለስልሶ የሚጠባበቀው አርሶ አደር የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጣለው ዝናብ የክረምቱ መግቢያ ነው ወይስ አላፊ? ፈጥኖ የዘራ ሰው ዝናቡ ከተቋረጠበት የማሽላውን ወይም የሰሊጡን ዘር ያጣል፤ አብዝቶ የዘገየ ደግሞ ሰብሉ ሳይደርስ ክረምቱ ይወጣበታል።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ሰው የሚመለከተው አንድ ምልክት ነው። አንዱ ሙቀቱን፣ ሌላው ደመናውን፣ ሌላው የነፋሱን አቅጣጫ ያያል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስ፣ ደመና፣ የአየር ግፊትና ዝናብ ግን እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ሲታይ ሊያሳስት ይችላል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ግን ትርጉሙ ይገለጣል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ እነዚህ ምልክቶች በአሶሳና በኩርሙክ አካባቢ እንዴት እንደሚያያዙ ያሳያል።

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ሲወረድ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል?

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሱዳን ድንበር ሲጓዙ ምድሩ ዝቅ እያለ ይሄድና ኩርሙክ ሲደረስ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሚታየው የሙቀት ልዩነት ዋናው ምክንያት ይህ የከፍታ ልዩነት ነው።

አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ወደ ታች ሲወርድ ይታመቃል፤ ሲታመቅም ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የሚነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲሞቅ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነው። በአማካይ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ስሌት ከሌላው 800 ሜትር ዝቅ ያለ ቦታ 5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ለአሶሳ 28 ዲግሪ መባሉን የሰማ የቆላው ነዋሪ ወደ 33 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ቢጠብቅ አይሳሳትም። ደመናና ነፋስ ልዩነቱን በየቀኑ ሊያሰፉት ወይም ሊያጠቡት ይችላሉ።

አንጻራዊ እርጥበት ምን ይናገራል?

አየር ሊሸከመው የሚችለው የውኃ ተን መጠን እንደ ሙቀቱ ይለያያል። 1 ሜትር ኩብ አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢበዛ ወደ 9 ግራም የውኃ ተን ይይዛል። ይህ መጠን በ20 ዲግሪ ወደ 17 ግራም፣ በ30 ዲግሪ ወደ 30 ግራም፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ ወደ 40 ግራም ያድጋል። በአየር ሁኔታ ዜና የሚነገረው አንጻራዊ እርጥበት፣ አየሩ በዚያች ሰዓት የያዘው ተን ሊይዝ ከሚችለው መጠን ውስጥ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 15 ግራም ተኩል ያህል ተን አለ ማለት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ተኑ ባለበት ቢቆይም አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ከአየሩ የጠፋ ተን የለም፤ የጨመረው አየሩ ተን የመያዝ አቅሙ ነው። በመሆኑም የጠዋቱን እርጥበት ከከሰዓት በኋላው ጋር አነጻጽሮ አየሩ ደረቀ ማለት ስሕተት ነው። እርጥብ አየር መግባቱን ለማወቅ የዛሬውን ከትናንቱ ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

መሣሪያ በሌለበት ቤትም እርጥበትን መለካት ይቻላል። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ በበጋ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ስስ ቀዳዳዎች እየወጣ ስለሚተንና ሲተንም ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አየሩ በተን ሲሞላ ትነቱ ይቀንሳል፤ እንስራውም እንደ በጋው አያቀዘቅዝም። በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ ሲዘገይና ጨው ሲረጥብ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሰው ሰውነትም የሚቀዘቅዘው በላብ ትነት ነው። በበጋ ደረቅ ሐሩርና ዝናብ ሲቃረብ በሚሰማው ወበቅ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይመነጫል። 35 ዲግሪ ሙቀት ከ60 በመቶ እርጥበት ጋር ሲጣመር፣ 15 በመቶ እርጥበት ካለው የ38 ዲግሪ ሙቀት ይልቅ ሰውነትን ያስጨንቃል። ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ ወበቁ ከበረታ እርጥብ አየር መግባቱን ያመለክታል። በእንዲህ ያለ ቀን በእርሻም ሆነ በወርቅ ቁፋሮ የተሰማራ ሰው ውኃ ቶሎ ቶሎ ሊጠጣና በጥላ ሥር ሊያርፍ ይገባል።

አንድ ጤዛ፣ ሁለት ትርጉም

አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ የያዘውን ተን መሸከም የሚያቅተው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህ የሙቀት ደረጃ የጤዛ ነጥብ ይባላል። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ምሳሌ የጤዛ ነጥቡ 18 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ጥቂት ሲቀዘቅዝ ሣሩ ይረጥባል። በበጋ ግን 35 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱ 15 በመቶ ብቻ በሆነበት ቀን የጤዛ ነጥቡ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። የቆላ ሌሊት ይህን ያህል ስለማይቀዘቅዝ ጤዛ አይታይም።

ጤዛ እንዲወርድ ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ እነርሱም በአየሩ ውስጥ በቂ ተን መኖሩ፣ ሰማዩ መጥራቱና ነፋሱ መርጋቱ ናቸው። ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር ግን ሙቀቱን መልሶ ስለሚያስቀረው ሌሊቱ ይሞቃል። በክረምት የቀኑ ሙቀት ዝቅ፣ የሌሊቱ ደግሞ ከፍ ብሎ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚጠበው፣ በበጋ ግን የሚሰፋው በዚህ የተነሣ ነው።

በመሆኑም አንዱ ጤዛ በሁለት ወቅቶች ሁለት ትርጉም ይኖረዋል። በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት፣ ከወራት ድርቀት በኋላ በተከታታይ ቀናት ጤዛ ከታየ እርጥብ አየር መድረሱን ይናገራል። በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት የሚታየው ብርቱ ጤዛ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ እርጥበት ቢኖርም ሰማዩ መጥራቱንና ክረምቱ እየወጣ መሆኑን ያሳያል።

የደመናው ከፍታ

ምድር በፀሐይ ስትሞቅ በላይዋ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል። ተኑ ውኃ እስኪሆን ድረስ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የጤዛ ነጥቡ ላይ ሲደርስ ተኑ ወደ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ተለውጦ ደመና ይሆናል። የደመናው ግርጌ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታየውም ይህ የሚሆንበት ከፍታ በአካባቢው ሁሉ ተቀራራቢ ስለሆነ ነው።

የግርጌውን ከፍታ በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። በምድር ላይ ባለው ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት 125 ሜትር ይታሰባል። ሙቀቱ 35፣ የጤዛ ነጥቡ 19 ከሆነ ልዩነቱ 16 ስለሆነ የደመናው ግርጌ ከምድር 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በክረምት ሙቀቱ 28፣ የጤዛ ነጥቡ 22 ሲሆን ግን ግርጌው ወደ 750 ሜትር ይወርዳል። በደረቁ የበጋ ቀን ልዩነቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግርጌው ከ3,700 ሜትር በላይ ይሆናል። ከዚያ ከፍታ የሚወርድ ጠብታ በደረቁ አየር ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ከሩቅ የዝናብ መጋረጃ የሚመስል ነገር ከደመናው ሥር ተንጠልጥሎ እየታየ መሬቱ ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የደመና መኖር ብቻውን ዝናብን አያበሥርም። የግርጌው ከፍታ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ እያለ መምጣቱ ግን ከሥሩ ያለው አየር እየረጠበ መሄዱን ያሳያል። ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ግንብ ወደ ላይ የሚያድግ ደመና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊያስከትል ይችላል። ከቀትር በኋላም ተበታትኖና ጠፍጣፋ ሆኖ የቀረ ደመና ግን ብዙውን ጊዜ ምሽት ላይ ይበተናል።

ነፋሱ ከየት፣ ዝናቡ ከየት?

እርጥበትን የሚያመጣውም የሚወስደውም ነፋስ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ የሚነሡ ነፋሳት የሚገናኙበት ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለው ቀበቶ በዓመት ውስጥ ፀሐይን ተከትሎ ይጓዛል። በበጋ ይህ ቀበቶ ወደ ደቡብ ስለሚርቅ በኩርሙክ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። በክረምት ደግሞ ቀበቶው ወደ ሰሜን አልፎ በሱዳን ላይ ስለሚሆን ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ ነፋስ ይገባል። በአካባቢው የዝናቡ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቀውና በሐምሌና በነሐሴ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

በበጋ ከከፍታው ወደ ኩርሙክ ቆላ የሚወርደው ነፋስ ቀድሞም ደረቅ ነው። ሲወርድ ስለሚሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይበልጥ ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ ቀን የተለኮሰ እሳት በደረቅ ሣርና በቀርከሃ ውስጥ በፍጥነት ይዛመታል። ሙቀቱ ከፍ፣ እርጥበቱ ዝቅ፣ ነፋሱም ብርቱ በሆነበት ቀን ማሳ ለማጽዳት እሳት አለመለኮስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

በክረምት ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የነፋሱና የዝናቡ አቅጣጫ መለያየት ነው። በምድር አቅራቢያ ያለው እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ እየነፈሰ፣ ነጎድጓዳማው ደመና ግን ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ምክንያቱ በከባቢ አየር የላይኛው ክፍል በክረምት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ መኖሩ ነው። የታችኛው ነፋስ ለደመናው ተን ሲያቀብል የላይኛው ወደ ሱዳን ሜዳ ይገፋዋል። በመሆኑም አመሻሹ ላይ በምሥራቅ በኩል፣ በደጋው አቅጣጫ መብረቅ ሲታይ ዝናቡ ወደ ኩርሙክ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

ዝናብ ከመጣሉ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ደግሞ ሌላ ምንጭ አለው። ከደመናው የሚወርደው ጠብታ ከፊሉ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ወደ ምድር ወርዶ በየአቅጣጫው ይሠራጫል። ይህ ነፋስ ሲሰማ ነጎድጓዳማው ደመና ቀርቧል ማለት ነው። የመብረቁን ብርሃን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለ3 በማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ማወቅ ይቻላል። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በቀረበ ርቀት ላይ ስለሆነ ወደ ቤት መግባት ይገባል። በማንጎም ሆነ በሌላ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ወደ ማሳ ከመመለስ በፊት 30 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

የአየር ግፊትና የስልኩ ቁጥር

የአየር ግፊት ከበላያችን ያለው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ አማካዩ 1,013 ሄክቶፓስካል ሲሆን በ700 ሜትር ከፍታ ወደ 930፣ በ1,500 ሜትር ደግሞ ወደ 845 ይወርዳል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ስልኮች ግፊትን ይለካሉ። አሶሳ ላይ 850 የሚጠጋ ቁጥር ያየ ሰው ይህ የከፍታው ውጤት እንጂ የመጥፎ አየር ምልክት አለመሆኑን ሊረዳ ይገባል።

በአውሮፓና በመሰል አካባቢዎች የግፊት መውረድ የዝናብ ቅድመ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ለምድር ወገብ በሚቀርቡ አገሮች ግን ይህ በቀጥታ አይሠራም። በእነዚህ አገሮች ፀሐይ ከባቢ አየርን በማሞቋ ግፊቱ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ይወርዳል። ልዩነቱ ጥቂት ሄክቶፓስካል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ግፊቱ መውረዱን አይቶ ዝናብ መጣ ማለት አይቻልም፤ እንደ እርጥበቱ ሁሉ ግፊትም ከትናንቱ ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ሊነጻጸር ይገባል።

አንድ ምስክር ሦስት ጊዜ ሲናገር

ምልክቶች ሲቆጠሩ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ጨው መርጠቡ፣ ልብስ ሳይደርቅ መዋሉ፣ የከበሮ ቆዳ መላላቱና የእንጨት በር አብጦ መጥበቁ አራት ምልክቶች ይመስላሉ። አራቱም ግን የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የአየሩ እርጥበት መጨመሩ። አንድ ምስክር አራት ጊዜ ቢናገር አራት ምስክር እንደማይሆን ሁሉ እነዚህም ተደምረው የዝናቡን መቃረብ አራት እጥፍ እርግጠኛ አያደርጉትም።

እርግጠኛነትን የሚጨምረው ከተለያየ ምንጭ የሚገኝ ምስክርነት ነው። እርጥበቱ ከጨመረ፣ ነፋሱ ለተከታታይ ቀናት ከደቡብ ምዕራብ ከነፈሰ፣ የደመናው ግርጌ ዝቅ ካለና የሌሊቱ ሙቀት ከፍ ካለ፣ አራቱ ምልክቶች ከአራት አቅጣጫ ወደ አንድ ድምዳሜ ያመራሉ። ሙቀቱ በርትቶ፣ ደመናውም ቋጥሮ ነፋሱ ግን አሁንም ደረቅ ከሆነና ጤዛም ካልታየ፣ የሚጥለው ዝናብ አላፊ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለዘር ውሳኔ፦ ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል?

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር፣ በ1 ሄክታር ላይ ደግሞ 10,000 ሊትር ውኃ ማለት ነው። 40 ካሬ ሜትር በሚሸፍን የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እስከ 800 ሊትር ውኃ ማጠራቀም ይቻላል። የከተማ ነዋሪ ለጣሪያው የሚሆነውን በርሜል ብዛት በዚህ ስሌት መወሰን ይችላል።

በግብርና ጥናቶች በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ እንደሚለው፣ የዝናቡ ወቅት ገባ የሚባለው በ3 ቀናት ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥም ረጅም የደረቅ ጊዜ ካልተከተለ ነው። የመለኪያው የመጀመሪያ ክፍል በዝናብ መለኪያ ይታወቃል። ሁለተኛው ግን የወደፊት ነገር ስለሆነ የሌሎቹን ምልክቶች ምስክርነት ይጠይቃል።

የእርጥበቱና የነፋሱ አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ባለበት ቀን ከእርጥብ አፈር 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ውኃ ሊተን ይችላል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ በኋላ ደረቁ ነፋስ ከተመለሰ፣ ያ ውኃ ዘሩ ሥር ሳይሰድ በ4 ቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ዝናቡን ተከትሎ አየሩ ረጥቦ፣ ሰማዩም ደመናማ ሆኖ ከቆየ ግን ትነቱ ስለሚቀንስ ያው 20 ሚሊ ሜትር ብዙ ቀን ያቆያል። አርሶ አደሩ ከዝናቡ መጠን በተጨማሪ ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉትን ሁለትና ሦስት ቀናት ሊመለከት የሚገባው ለዚህ ነው። አፈሩን ቆፍሮ እርጥበቱ ምን ያህል ጥልቀት እንደዘለቀ ማየትም ይረዳል፤ ላዩን ብቻ ያራሰ ዝናብ ለዘር አይበቃም።

በምርት መሰብሰቢያ ወቅትም ይኸው ትስስር ይሠራል። በጥቅምትና በኅዳር የተሰጣ ለውዝ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና አንጻራዊ እርጥበቱ ከፍ ሲል መልሶ ይረጥባል። እርጥበቱን ይዞ የተከማቸ ለውዝና በቆሎ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከሻጋታው የሚመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም ለሰውና ለእንስሳት ጤና አደገኛ ነው። ስለዚህ ምርቱን ጤዛው ከተነሣ በኋላ በሸራ ላይ ማስጣትና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መሸፈን ያስፈልጋል። ማሽላና በቆሎ ወደ ጎተራ ከመግባታቸው በፊት በውስጣቸው ያለው የእርጥበት መጠን ወደ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት።

በቤት ደረጃ እንዴት ይለካል?

ቀጥ ያለ ጎን ያለው ጣሳ ለዝናብ መለኪያነት ያገለግላል። ጣሳው በገላጣ ቦታ፣ ከዛፍ ወይም ከቤት ቢያንስ የዚያን ነገር ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ መቆም አለበት። የተጠራቀመው ውኃ በማስመሪያ ይለካና ይደፋል። ቴርሞሜትር ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ፀሐይ ላይ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚለካው የአየሩን ሙቀት አይደለም። ለነፋስ አቅጣጫ በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ጨርቅ ይበቃል፤ ነፋስ የሚጠራው በሚመጣበት አቅጣጫ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ከሁሉም በላይ ንባቡ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሊወሰድ ይገባል። በኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የዕለቱ ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አንዳንዶቹ ጣቢያዎች ዝናብን ብቻ፣ ሌሎቹ ዝናብንና የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ይለካሉ። ሙሉ መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ግፊትን፣ እርጥበትንና ነፋስን ጨምረው ይመዘግባሉ።

ከአካባቢ ምልከታ ወደ ትንበያ

የአንድ መንደር ምልከታ የሚያሳየው የዚያን መንደር ሰማይ ነው። በብዙ ቦታዎች በአንድ ሰዓት የተወሰዱ ምልከታዎች ሲሰበሰቡ ግን የአየሩን ጉዞ ያሳያሉ። እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሮበርት ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1861 በጋዜጣ ላይ የአየር ትንበያ ማውጣት የጀመረው ከየወደቡ በቴሌግራፍ የሚደርሱትን ንባቦች አንድ ላይ በማየት ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያዎችን ንባብ ከሳተላይት መረጃ ጋር አገናዝቦ የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል።

ከመንደር ሆኖ ሊታይ የማይችል ምልክትም አለ። የፓስፊክ ውቅያኖስ የውኃ ሙቀት ከወትሮው ከፍ ሲል የሚከሠተው ኤልኒኖ የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙ አካባቢዎች ተዛብቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንዲፈልግ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነበር።

በወቅት ትንበያ የሚነገሩት «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉት ቃላት የሚመዘኑት በ30 ዓመት መረጃ ነው። የሚናገሩትም ስለ ወቅቱ ድምር ዝናብ ስለሆነ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደሚዘንብ አይገልጹም። አጠቃላይ ድምሩ መደበኛ ሆኖም በመካከል ሁለት ደረቅ ሳምንታት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ የወቅቱ ትንበያ የትኛውን ሰብልና የትኛውን ዝርያ መዝራት እንደሚሻል ለመወሰን ይረዳል። የአሥር ቀኑ ትንበያ የሚዘራበትን ሳምንት ለመምረጥ ይጠቅማል። የሚዘራበትን ቀን ለመወሰን ደግሞ የማሳውን አፈር፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጠዋቱን ጤዛና የጣሳውን ውኃ አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

አርሶ አደሮች እነዚህን ንባቦች በደብተር መዝግበው ከቀበሌው የግብርና ልማት ባለሙያ ጋር ቢመካከሩባቸው ለራሳቸው ማሳ የሚሆን መረጃ ያከማቻሉ። ቀኑ፣ የዝናቡ መጠን፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ጤዛ መኖር አለመኖሩና ዘር የተዘራበት ቀን በአንድ መስመር ይጻፋሉ። ምዝገባው ከሚያዝያ መጀመሪያ ቢጀመር በግንቦት የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የሚነጻጸርበት የአንድ ወር መረጃ ይኖራል።